ሴትዮዋ ተናግራ እስክትጨርስ

ሰኞ፣ ሐምሌ 7

ዛሬም ያው ሥራ። አልጋ አነጠፍኩ፣ ገንዳ ፈተግኩ፣ የሰው ፀጉር ከወለል ለቀምኩ። በዚህ በረሃ አገር ሐምሌ ውጭው እሳት፣ ሆቴሉ ውስጥ የማቀዝቀዣው ብርድ አጥንት ይሰብራል።

ጠዋት ምድር ቤት ሰበሰቡን። ከቢሮ የመጣ ወጣት ሰውዬ ስለ አዲስ አሠራር አወራ። ክፍል ስንጨርስ ወረቀት ላይ ምልክት ማድረግ ቀረ። ከእንግዲህ የክፍሉን ስልክ አንስቶ ቁጥር መጫን ነው። መጀመሪያ የኮምፒውተሩን፣ ቀጥሎ የየራሳችንን፣ መጨረሻ ላይ ሦስትን። ሦስት ማለት ጸድቷል ማለት ነው። ታች ያሉት ያኔ ክፍሉን ለእንግዳ ይሰጡታል።

"ገባችሁ?" አለ። ሁሉም ነቀነቀ። እኔም ነቀነቅኩ። ቁጥሮቹን ይዣለሁ። ሌላው በእንግሊዝኛ በአጠገቤ አለፈ።

ስንበተን ፀሎት ጠጋ አለችኝ። ያቺ በዲቪ የመጣችው ልጅ። "እትዬ ብርቅታይት፣ አንዴ ላሳይዎት?"

"ሂጂ እናትሽን አስተምሪ!" አልኳት። ፊቷ ጠቆረ። አብራን የምታጸዳው አስካል ሰምታ ኖሮ፣ "ምላስሽን ጌታ ይያዝልሽ" አለችኝ። እሷ ደግሞ ሁልጊዜ ጌታ፣ ጌታ።

ምን ላድርግ? ወንድሜ ቄስ ዘንድ ሲማር እኔ ውሃ እቀዳ ነበር። ፊደል የቆጠርኩት ፀጉሬ መሸበት ሲጀምር ነው፣ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻው ጊዜ። ያውም ልጄን በሚያህል ዘማች እጅ... ስሳሳት ሰው ፊት ይስቅብኝ ነበር። ያኔ ማልኩ። ሁለተኛ የልጅ ተማሪ አልሆንም።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 10

ስልኩን እፈራዋለሁ። ስጫን ሴት ትናገራለች። ረጋ ያለች ናት፣ ጨዋ ትመስላለች። ተናግራ እስክትጨርስ እጠብቃለሁ። ከዚያ ቁጥሬን እጫናለሁ። አሁንም ትናገራለች፣ አሁንም እጠብቃለሁ። ዝም ስትል ሦስትን ተጭኜ "ታንክ ዩ" ብዬ እዘጋለሁ።

ተመስገን። ያለ ማንም ተወጣሁት።

ሰኞ፣ ሐምሌ 14

ሱፐርቫይዘሯ ፊያሜታ ቢሮ ጠራችኝ። የአስመራ ልጅ ናት። አማርኛውን ከኔ አሳምራ ትናገረዋለች፣ ሥራ ላይ ግን እንግሊዝኛ ብቻ ነው። "ለአበሾች ታደያለሽ እንዳይሉኝ" ትላለች። ዛሬ በሩን ዘጋችና በአማርኛ አወራችኝ። ያን ጊዜ ነው የፈራሁት።

"ክፍሎችዎን ኮምፒውተሩ እስከ ከሰዓት ቆሻሻ ናቸው ይላል። እንግዶች ሎቢ ውስጥ ሻንጣቸው ላይ ተቀምጠው ይጮሁብኛል።"

"ሁሉንም አጽድቻለሁ! ሄደሽ እዪ!"

"አይቻለሁ። ንጹሕ ናቸው። ኮምፒውተሩ ግን አያውቅም። ይደውላሉ?"

"እደውላለሁ እንጂ።"

"አደዋወሉ ገብቶዎታል?"

አፌ ቀድሞኝ "ገብቶኛል" አለ።

የመጀመሪያ ማስጠንቀቂያ ሰጠችኝ። ሦስት ከሆነ መሰናበት ነው። በአንቱታ የሚሰጥ ማስጠንቀቂያ... ፈርሜ ወጣሁ።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 16

አልጋ እያነጠፍኩ የክፍሉ ስልክ ራሱ ጮኸ። መታጠቢያ ቤት ገብቼ በሩን ዘጋሁ። እስኪተው ድረስ እዚያው ቆምኩ። ምን ሆኛለሁ?

እሑድ፣ ሐምሌ 20

ልጄ መርሻ ከሚኖርበት ሰፈር ከሰመርሊን መጣ። ፊቴን አይቶ፣ "እማዬ፣ ሥራው ከከበደሽ ተይውና እኛ ጋ ግቢ። ረድኤትም ልጆቹን የሚይዝላት ታገኛለች" አለኝ።

እሱ የሚያስበው ደግ እንደሠራ ነው። ያን ቤት ግን አውቀዋለሁ፤ አንድ ክረምት ተቀምጬበታለሁ። ሚስቱ ረድኤት ጠዋት ስትወጣ የሌባ መከላከያ አላርሙን ታበራለች። "እማማ፣ በር እንዳይከፍቱ፣ ፖሊስ ይመጣል።" ከሕፃናቱ ጋር ማታ ድረስ መስኮት ማየት። ሰፈሩ ውስጥ በእግሩ የሚሄድ ሰው የለ። አንድ ቀን መስኮት ብከፍት ቤቱ ሁሉ ጮኸ፤ ልጆቹ አለቀሱ፣ እኔም አለቀስኩ።

ይቺ አንዲት ክፍሌ ጠባብ ናት፣ ግን ስፈልግ እወጣለሁ፣ ስፈልግ እገባለሁ። ሥራው ከሄደ እሷም ትሄዳለች።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 22

ሁለተኛው ማስጠንቀቂያ መጣ።

ምሳ ላይ አስካልን እንዴት ነው የምትደውይው ልላት ፈለግሁ። ሳህኔን ይዤ እስከ ጠረጴዛቸው ሄድኩ። ሲስቁ ነበር፣ ሲያዩኝ ዝም አሉ። ጨው አንስቼ ተመለስኩ።

ዓርብ፣ ሐምሌ 25

እንዴት ልጻፈው...

ሉፔ ፎጣ አንሷት እኔ ወዳለሁበት ክፍል ገባች። ሉፔ ሜክሲኳዊት ናት፣ ያቺ ሳቋ ከጽዳት ጋሪዋ ቀድሞ የሚሰማው። ስልኩን ይዤ ቆሜያለሁ። ጆሮዋን አስጠጋች።

"ምን ትጠብቂያለሽ?" አለችኝ በዚያች በምንጋራት ስብርባሪ እንግሊዝኛ።

"ሴትዮዋ እየተናገረች ነው።"

መጀመሪያ አልገባትም። ከዚያ አልጋው ላይ ተደፍታ ሳቀች። እኔ ያነጠፍኩት አልጋ ላይ! ስልኩን ከእጄ ነጠቀችና ሴትዮዋ እየተናገረች ሁሉንም ቁጥር ተራ በተራ ተጫነችባት። "ማሽን ናት! ማሽን! አትቀየምሽም!" ዝም እስክትል ከጠበቅሽ መስመሩ ይዘጋል፣ እየተናገረች ነው የሚጫኑት አለችኝ።

ለካስ ዝግ ስልክ ነው ሳመሰግን የከረምኩት። ሰው ሲናገር አታቋርጪ ተብዬ ነው ያደግሁት... ማን አቋርጪ ብሎኝ ያውቃል?

ፀሎት በሩ ላይ ቆማ ነበር። አልሳቀችም። ጫማዋን ታያለች። ገባኝ።

"አንቺ ታውቂ ነበር?"

"ባለፈው ሳልፍ አየሁዎት..."

"አይተሽ ዝም አልሽ?"

"እትዬ፣ እንዴት አርምዎታለሁ? ነውር አይደል? ደግሞም ያን ቀን እናትሽን አስተምሪ ብለውኛል።"

"ነውሩስ ዝም ማለትሽ! ሁለት ማስጠንቀቂያ በልቼ?" ጮኽኩባት። እንባዋ መጣ። እውነቷን ነበር፣ ለዚያ ነው የጮኽኩት።

ይህን ስንባባል የፊያሜታ ቁልፎች ተንሿሹ። አንድ ክፍል፣ አንድ ሰው ነው ደንቡ። እሷ ያገኘችው ሦስት ሰው፣ የተደፈጠጠ አልጋ፣ አንዷ ታለቅሳለች። "ሰኞ ቢሮ" ብቻ አለች። ለኔ ይሁን ለሁላችን አላወቅሁም። ሉፔ ሦስት ልጆች አሏት።

እሑድ፣ ሐምሌ 27

እህል አልገባ አለኝ። ልብሴን ወደ ሻንጣ መክተት ጀመርኩ፣ ከዚያ ሟርት እንዳይሆንብኝ ብዬ መልሼ ሰቀልኩት።

ሰኞ፣ ሐምሌ 28

ሦስተኛው ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ነበር። ስሜ ተጽፎበታል።

"ሉፔ ምን ታደርግ ነበር?"

መጥታ ነው የረበሸችኝ ብል እኔ እተርፍ ነበር ይሆን? አዎ፣ መጣብኝ ሐሳቡ።

"እኔ ነኝ የያዝኳት። አሳዪኝ ብዬ። ስልኩ አልገባኝም ነበር።"

"ገብቶኛል አላሉኝም?"

"አልኩሽ። መቼ ነው አልገባኝም ያለ ሰው ወረቀት ሳይቀበል የወጣው?"

ሴትዮዋን ተናግራ እስክትጨርስ ስጠብቅ እንደከረምኩ ነገርኳት። ልትስቅ ስትል ከንፈሯን ነከሰች።

"እኔም ስጀምር አንዲት የፊሊፒንስ ሴትዮ ናት እየሰደበች ያስተማረችኝ" አለች። "ያኔ ሁለት ሁለት ሆነን ነበር የምንሠራው።"

ወረቀቱን አልቀደደችውም። መሳቢያ ውስጥ ከተተችው። "ወሩን ሙሉ አይዎታለሁ። ፀሎትን ከጎንዎ ያሉትን ክፍሎች አሲዛታለሁ፣ በራችሁ ክፍት ይሁን። አለቆቹ ስለ ደንቡ ቢጠይቁኝ አላውቅም ነበር እላለሁ።"

ስወጣ ፀሎት ኮሪደሩ ላይ ትጠብቃለች። "አንሶላሽ ጥጉ ጋ ይሸበሸባል፣ ነይ ላሳይሽ" አልኳት። ሌላ ቃል አልመጣልኝም።

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 13

ያ ከቢሮ የሚመጣው ሰውዬ ዛሬም መጣ። አሁን ደግሞ አዲስ የማጽጃ ፈሳሽ ነው። ከግድግዳ ማሽን የሚቀዳ፣ በየቀለሙ የተለየ። ተሳስቶ የቀላቀለ ሰው ይታፈናል መሰለኝ፣ ጉሮሮውን ይዞ አሳየን። አወራ፣ አወራ። "ገባችሁ?"

ሁሉም ነቀነቀ። አስካል ከሁሉም በላይ።

ፊያሜታ ከኋላ ቆማለች። ወሩ አላለቀም፣ ወረቀቱ መሳቢያ ውስጥ ነው። ጋሪዬን ያዝኩ። እጄን አነሳሁ።

"ኖ" አልኩት።

"የቱ ነው ያልገባሽ?"

"ሁሉም።"

ሉፔ በሳቅ ፈነዳች። ሰውዬው ቀላ። ወደ ፊያሜታ ለመዞር አቅም አልነበረኝም... እዚሁ አበቃልኝ አልኩ። ድምፅዋ መጣ፣ በአማርኛ፣ ሰው ሁሉ ፊት፦ "እትዬ፣ ማሽኑ ጋ ይምጡ። በእጅዎ ይሞክሩት።"

ሄድኩ። ጠርሙሱን ደቅኜ አንዱን ልጫን ስል ፀሎት ጮኸች።

"አይ እትዬ! ቀዩን አይደለም!"

ጆሮዬ ጋለ። ያ ዘማች የሳቀብኝ ቀን መጣብኝ። ዞርኩ። ልጅቷ አፏን በእጇ ይዛለች፣ ከኔ ብሳ ፈርታለች።

"ንገሪኛ ታዲያ! የቱ ነው?"

"ሰማያዊው... ቀዩ ለሽንት ቤት ብቻ ነው። ሁለቱ አንድ ጠርሙስ አይገቡም።"

ሰማያዊውን ተጫንኩ። አረፋው እጄ ላይ ፈሰሰ። አንድ ሰው ከኋላዬ ይገፋኛል፤ አስካል ናት፣ አንገቷን አስግጋ።

"አንቺማ ገብቶሻል" አልኳት። "ስትነቀንቂ አይቼሻለሁ።"

"ዝም በይና ጠጋ በይልኝ" አለች።

ጠጋ አልኩላት።