ሰንበት ሲገባ የተነቀለው ዲስክ

ለናፍቆቴ፣ ለእታለም ትሁን፣

እንደምን ከርመሻል? ያ የጉልበትሽ ቁርጥማት ተሻለሽ ወይስ ብርዱ አባሰብሽ? አያልነህስ ሳሉ ለቀቀው? ጥሩዬስ ትምህርት ቤቷ ተከፈተላት? መንገዱ ተዘጋ፣ ተከፈተ ሲሉ በሰማሁ ቁጥር ሆዴ ይባባል። እኛ ፈጣሪ ይመስገን በሥጋችን ደኅና ነን። በሥጋችን ያልኩት አውቄ ነው፤ ነፍሴ ሰሞኑን ከቦታዋ የለችም።

ስልክ እያለ ምን ደብዳቤ አስጻፈው እንደምትዪ አውቃለሁ። በደወልሽ ቁጥር እማዬ ከጎኔ ናት፤ ስልኩም ጮክ ብሎ ካልተሰማት አትወድም። የምጽፍልሽ ደግሞ እሷ እንድትሰማው የማልፈልገውን ነው። ጎረቤታችን ያፋ አክስቷን ልትጠይቅ ወደ ጎንደር ስለምትመጣ በእጇ ልኬልሻለሁ።

ነገሩ ወደ እኛ፣ ወደ እስራኤል የመምጫ ፋይልሽ ነገር ነው። ጠበቃችን ኢንባል ጠርታኝ፣ የእህትህ ፋይል እንደገና ሊታይ ነው፤ ነገር ግን የእናት ወገን የዘር ምስክር ይጎድለዋል፤ ወረቀት ብቻ አይበቃም፣ የሚያውቅ ሽማግሌ በአንደበቱ ይናገር አለችኝ። የእማዬን ወገን እስከ ሰባት ቤት አሳምረው የሚቆጥሩት አጎቷ አባ አንዳርጌ ነበሩ፤ እሳቸውን ደግሞ ዓምና ቀብረናቸዋል። ተስፋዬን ልቆርጥ ስል ትዝ አለኝ፤ ለካ በካሜራዬ ቀርጬአቸዋለሁ።

ታውቂያለሽ፣ ቀን ወደብ እየዋልኩ ማታ ማታ የወገኖቻችንን ሠርግ እቀርጻለሁ። በየሠርጉ አንድ ሽማግሌ ከጫጫታው ራቅ አድርጌ አስቀምጥና፣ አባባ፣ ዘርዎን ይቁጠሩልኝ እላለሁ። በእኛ ወግ ሰባት ቤት ሳይቆጠር ጋብቻ የለምና ሽማግሌዎቹ ደስ እያላቸው ይቆጥሩልኛል። የዛሬ ልጆች እንኳ ሰባት ቤት ስትያቸው የኪራይ ቤት ይመስላቸዋል። ያ ሁሉ የሽማግሌ ቃል፣ ያ ሁሉ ሠርግ፣ የተቀመጠው በአንድ ትልቅ አሮጌ ዲስክ ላይ ነበር። አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም ይባላል፤ እኔ ግን ስጫወት ኖሬአለሁ። ባለፈው ሰኔ የሚሳይል ማስጠንቀቂያው ጩኸት ሲነሳና ወደ መጠለያው ስንወርድ በአንድ እጄ እማዬን፣ በአንድ እጄ ያንን ዲስክ ይዤ ነበር። የወደቀብኝ ያኔ ይሁን ያረጀ ይሁን እንጃ፣ አባ አንዳርጌን ልፈልግ ስከፍተው ዶሮ ጥሬ ስትለቅም እንደምታሰማው ጠቅ፣ ጠቅ ይል ጀመር።

ልጄ ኦምሪ ኮምፒውተር ይማራል። ድምፁን ሲሰማ ፊቱ ተለዋወጠ። አባ፣ ይሄ ሊሞት ነው፤ ዛሬውኑ ትልቅ ዲስክ ገዝተህ ሁሉንም ገልብጥ፤ አንዴ ከተነሳ ደግሞ እስኪጨርስ እንዳታጠፋው፣ ዳግመኛ ላይነሳ ይችላል አለኝ። ሮቫ አሌፍ በሚሉት ሰፈር ወዳለው የሊዮር የኮምፒውተር ዕቃ ሱቅ ሄድኩ። ሊዮር ሁለት ዲስክ አወጣልኝ። አንዱ በአንድ ትልቅ ድርጅት ማሽን ውስጥ ዓመታት ሲሽከረከር ኖሮ ታድሶ የመጣ ነው፤ ዋጋው የአዲሱን ግማሽ አይሞላም፣ አህራዩት የሚሉት ዋስትናው ግን ከፋሲካ አያልፍም። ሌላው ከነፕላስቲኩ አዲስ ነው፤ ዋስትናው የዓመታት፣ ዋጋው የሚያስደነግጥ። እጄ ወደ ርካሹ ሄደ፣ ልቤ ወደ ውዱ ሄደ፣ እግሬ ወደ በሩ ሄደ። ምን ታደርገዋለህ ቢለኝ ስለ አባ አንዳርጌ ነገርኩት። ሊዮር ነጋዴ ቢሆንም እውነቱን ነገረኝ፤ ዋስትናው ዲስክ ይተካልሃል እንጂ ሽማግሌውን አይተካልህም፤ ውዱም ቢሆን ቀኑ ሲደርስ ይሞታል፣ አንዱን ብቻ አትመን አለኝ። አዲሱን ለቤት፣ የታደሰውን ለትርፍ ቅጂ ብዬ ሁለቱንም ይዤ ወጣሁ። ባለቤቴ ኦርሊ ምን እንዳለችኝ አልጽፍልሽም።

አባ አንዳርጌን በየትኛው ሠርግ እንደቀረጽኳቸው ስለረሳሁት ሁሉንም ከመገልበጥ በቀር መላ አልነበረም። ሐሙስ ማታ ጀመርኩ፤ ዓርብ ቀትር ያልቃል ብዬ ነበር፤ እንዲህ ያለ ትልቅ ዲስክ እንደ በሬ ቀስ ብሎ እንደሚሄድ መች አውቄ! ጠዋት እማዬን፣ ይህችን ገመድ እንዳትነኪብኝ፣ የትሁን ነገር ናት አልኳት። እሺ አለችኝ። ዓሣና ዳቦ ልገዛ ወጥቼ ስመለስ አውቶቡሱ ለሰንበት ሥራ አቁሞ ኖሮ በእግሬ መጣሁ፤ ፀሐይ መንገድ ላይ ጠለቀችብኝ። ቤት ስገባ እማዬ ነጭ ነጠላዋን ለብሳ ተቀምጣለች። ዲስኩ ጸጥ ብሏል። ገመዱ ተነቅሎ ወለሉ ላይ ተጋድሟል።

ሰንበት ሲገባ ዓይኑን እያርገበገበ የሚሠራ ነገር በቤቴ አይኖርም፣ ነቀልኩት አለችኝ። ጠዋት ነግሬሽ ነበር እኮ ብላት፣ መቼ? አለች። ለሰንበቷ ግትር ሆና ነው ብዬ ተውኩት። ኦምሪ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ እኔ ልሰካው? አለኝ። እውነቱን ልንገርሽ፣ እሺ የሚለው ቃል ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። በእሷ ፊት ሰንበትን ማፍረስ አልቻልኩም። ያን ሌሊትና ያን ቀን እንዴት እንዳሳለፍኩት አትጠይቂኝ። ጸሎት ላይ ቆሜ የማስበው ስለ ገመዱ ነበር። ፈጣሪ ሆይ ሰንበትህን ጠብቄልሃለሁ፣ አንተም እህቴን ጠብቅልኝ አልኩ፤ እንደ ገበያ ተከራከርኩት፣ ይቅር ይበለኝ። የፈሩት ይደርሳል የሚለው ተረት ከአእምሮዬ አልወጣ አለ።

ቅዳሜ ሲመሽ ከዋክብቱ እስኪታዩ ጠብቄ ሰካሁት። ጠቅ አለ፣ ጠቅ አለ፣ ዝም አለ። ኦርሊ ወንበር አመጣችልኝ። በኋላ እንደገና ጮኸና መዞር ጀመረ። መልሰን ገለበጥነው፤ አንዳንድ ሠርግ ተሰባብሮ ቀርቷል፣ ሙሽሮቹ ይማሩኝ። አባ አንዳርጌ ግን ሙሉ ናቸው፤ በትራቸውን ይዘው ከሰባተኛው ቤት ጀምረው እስከ አንቺ ድረስ ስም እየጠሩ ይቆጥራሉ። እየሳቅኩ አለቀስኩ። ኢንባል ቅጂውን ተቀብላለች። ያፋም በትንሽ ፍላሽ አንድ ይዛልሽ ትመጣለች፤ ጭስ በማይደርስበት ቦታ አስቀምጪው፣ ለማንም አታውሺው።

እዚህ ላይ ባበቃ ምንኛ ደግ ነበር። ምስክር ሁለት ቢሆን ይጠነክራል ብዬ እሑድ እማዬን ካሜራ ፊት አስቀመጥኳት። የአባቶቿን ስም አንድም ሳትስት ቆጠረች። ወደ ልጆቿ ስትደርስ እኔን ጠራች፣ የሞተውን ወንድማችንን ጠራች፣ አበቃች። ሌላስ? አልኳት። እነዚሁ ናቸው አለች። ከጎንደር የምትደውለውስ? ብላት ፈገግ አለችና፣ እሷማ ደግ ሴት ናት፣ ምኔም ሳትሆን በየሳምንቱ ትጠይቀኛለች አለችኝ። እታለም፣ ካሜራውን እንዴት እንዳጠፋሁት አላስታውስም። ሐኪም ዘንድ ወስጃታለሁ፤ መድኃኒት ተሰጥቷታል፤ አንዳንድ ቀን ደኅና ናት፣ ልቅም አድርጋ ታስታውሳለች። እኔ ግን እፈራለሁ። ፋይሉ እስኪታይ፣ አንቺ እስክትመጪ፣ ምን ያህሉ እንደሚቀርላት አላውቅም። ለዚህ ቅጂ የለም።

አያልነህን፣ ጥሩዬን፣ ትንሹን ልጅሽን፣ እመት ትርንጎንም ከነቤተሰባቸው ሰላም በዪልኝ። ኦርሊ በጣም ናፍቀሻታል፤ ኦምሪም አክስቴን ሰላም በልልኝ ብሏል። የእማዬን ሰላምታ አልጻፍኩልሽም፤ አላለችኝም፣ እኔም በእሷ ስም መዋሸት አልሆነልኝም።

አንድ ነገር ብቻ እለምንሻለሁ። ከእንግዲህ ስትደውዪ እኔ ነኝ ብለሽ አትጀምሪ። ልጅሽ ትሁን ነኝ በያት። በየቀኑ በያት።

ወንድምሽ ቢምረው
አሽዶድ፣ ሮቫ ጊሜል
ኅዳር ፳፩ ቀን ፳፻፲፰ ዓ.ም.