ከመጽሐፉ የቀረው ገጽ

ይድረስ ለውድ እትዬ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ትንፋሽሽስ እንዴት ነው? ደረጃው መሐል ላይ ስትደርሺ ሰው ምን ይለኛል ሳትዪ እረፊ። የልብስ ስፌት ማሽንሽንስ ዘይት አስቀባሽው ወይ? እኔ ለሥጋዬ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ብቻ ዝናብ ሊመጣ ሲል ከሰው ሁሉ ቀድሞ ይነግረኛል። ይህን በስልክም ልጠይቅሽ እችል ነበር፤ ድምፅሽን ከሰማሁ ግን ወኔዬ ይከዳኛል ብዬ ወረቀት ያዝኩ።

ባለፈው ሳምንት ልጅሽ ደወለችልኝ። ነርስነቱ አልበቃ ብሏት ሁለተኛ ዲግሪ ጀምራ የለ፣ አስተማሪዎቿ የመጀመሪያውን መጽሐፌን አንብቡ ብለው ሰጥተዋቸዋል። እዚያ ውስጥ ክኒኗን ሳትውጥ ቁልፍ ማስቀመጫ ጣሳ ውስጥ የምትደብቅ ልብስ ሰፊ አለች። ስሟን ቀይሬያለሁ፣ ዕድሜዋን ቀይሬያለሁ፣ ልጆቿንም አብዝቻለሁ። ትንሿ ልጇ ክኒኑ ከረሜላ መስሏት አፏ ውስጥ ስትከት በጥፊ እንዳጮለቻት ግን እንዳለ ትቼዋለሁ። ልጅሽ፣ እናቴ በሕይወቴ አንዴ ብቻ ነው የመታችኝ አለችኝ። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ብዬ በቀልድ ላልፈው ነበር፤ ዘንዶው እኔው ስሆን ጊዜ ቀልዱ አፌ ላይ ቀረ። አንቺ ካልነገርሻት ለእረፍት ስሄድ እኔ እነግራታለሁ ብላ ስልኩን ዘጋችው። እውነቷን ነው።

ያን ጊዜ ሥራዬ፣ ከሰው ጋር እየዋሉ ኑሮውንና ሕመሙን ማጥናት፣ ስም እንኳ አልነበረውም። የሳንባ ነቀርሳ ክሊኒኩ በር ላይ፣ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ከበሽተኞች ጋር ተቀምጬ እውላለሁ። ሐኪም ነሽ ወይ ሲሉኝ አይደለሁም፣ ነርስ ነሽ ወይ ሲሉኝ አይደለሁም፣ ታዲያ ምንድን ነሽ ቢሉኝ ቁጭ ባይ ነኝ አልኳቸውና ስሜ ቁጭ ባይዋ ሆኖ ቀረ። የክሊኒኩ ኃላፊ በሽታ የሐኪም ነው፣ አንቺ ምን ቤት ነሽ ይለኝ ነበር። በሽታው የሐኪም ይሁን፣ በሽተኛው ግን የእናቱ ልጅ ነው እለው ነበር። ሰው ፊት ደብተር አላወጣም። የሰማሁትን በሆዴ ይዤ መታጠቢያ ቤት እገባና ቃል በቃል እገለብጠዋለሁ። ይህችኑ ዘዴ በኋላ ለስንቱ ተማሪ አስተማርኳት፤ በዚህ ሙያ የመጀመሪያዋ ሴት እያሉም አጨበጨቡልኝ።

ክኒኑ ጣቶቼን አደነዘዘብኝ፣ መርፌ ሲወጋኝ እንኳ አይሰማኝም፣ እንዲህ ሆኜ እንዴት እሰፋለሁ፣ ስለዚህ ትቼዋለሁ፣ ለሐኪሙ እንዳትነግሪብኝ አደራ ያልሽኝ እዚያ ወንበር ላይ ነው። የነገርሽው ለእህትሽ ነበር። እኔም እጅሽን ይዤ አይዞሽ አልኩሽና ለሽንት ብዬ ተነሣሁ። እትዬ፣ ለሽንት አልነበረም።

ለሐኪሙ ትንፍሽ አላልኩም፤ ለዓለም ግን አሳተምኩት። ይህም ትንሹ ነው። ለጣት መደንዘዝ የሚሰጥ ቫይታሚን እንዳለ አውቅ ነበር፤ እዚያው በር ላይ ሐኪሙ ለሌላ ሰው ሲያዝዝ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። አንዲት ቃል ብተነፍስ ክኒንሽን ትውጪ ነበር። ከዋጥሽው ግን ለእኔ እንደ ማንኛዋም በሽተኛ ልትሆኚብኝ ነው። ሐኪሞቹ እልኸኛ፣ መሃይም የሚሏት ሴት በቂ ምክንያት እንዳላት የማሳይባት ከአንቺ ሌላ አልነበረችኝም። ጥናቱ ሰባት ወር ነው፤ አንቺ የነገርሽኝ በሦስተኛው ነው። አራት ወር ሙሉ እህቴን ልጠይቅ እያልኩ እየመጣሁ፣ ጣሳው ምን ያህል እንደሞላ በዓይኔ ለክቼ እመለስ ነበር። በኋላ ግራ ሳንባሽን ቆርጠው ሲያወጡ በር ላይ ያለቀስኩት ማን እንደሆንኩ ስለማውቅ ነው። እፍረቱ ዛሬ ያዘኝ ብልሽ ውሸት ነው፤ ያኔም ይዞኝ ነበር፣ ሥራ ነው ብዬ ሸፈንኩት።

በዚያ ዓመት ከእማዬ ጋር አንድ ክፍል ነበር የምትተኙት። ስለ እሷ በተነሣ ቁጥር በሽታዬን አጋብቼባት እኔ ነኝ የገደልኳት ትያለሽ። እኔም ተይ እንጂ፣ አንቺ ምን አደረግሽ፣ የእግዜር ጥሪ ነው እልሻለሁ። ሃያ ስድስት ዓመት እንዲህ እያልኩ አጽናንቼሻለሁ። አንድ ቀን እንኳ ዓይንሽን እያየሁ ብዬው አላውቅም።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር የያኔውን ደብተር ልኬልሻለሁ። አርባ አንደኛው ገጽ መጽሐፉ ውስጥ አልገባም። ሦስት መስመር ብቻ ነው፣ ስለ እማዬ ሳል ነው፣ ከላይ ቀኑ ተጽፎበታል። እማዬን መጀመሪያ ሐኪም ዘንድ የወሰድሻት መቼ እንደሆነ አንቺ አትረሺውም። ሁለቱን ቀኖች አስተያዪያቸው። የእኔው ይቀድማል፤ ሳሏን ሰምቼ ጻፍኩት እንጂ ለማንም አልተናገርኩም።

ይቅር በዪኝ ለማለት አፍ የለኝም። ብትቆጪ፣ ብትረግሚኝ፣ ደጄን አትርገጪ ብትዪኝም አልቀየምሽም። እግዜር ትንፋሽሽን ያስረዝምልሽ፣ ልጅሽን ያኑርልሽ፣ በእጅሽ ሥራ ደስ ይበልሽ። ከእንግዲህ ግን እማዬን እኔ ገደልኳት አትበዪ፤ እሱ የአንቺ አይደለም።

ታናሽሽ