ከማማው ላይ የጠቆምከኝ ቤት

ዌምብሊ፣ ለንደን
እሑድ፣ መስከረም 18 ቀን 2018 ዓ.ም.

የምወድህ ልጄ ሳዶቅ፣

እንዴት ሰነበትክ? እኛ ጌታ ይመስገን ደህና ነን። አባትህ ጉልበቱን ያመዋል እንጂ ሌላ ነገር የለበትም። እህትህ ሃይሚ አዲስ ሥራ ጀምራለች፤ ሰላም በይልኝ ብላለች። አሁን ከቸርች መጥቼ ልብሴን እንኳ ሳልቀይር ነው የምጽፍልህ። በስልክ ሲሆን “እማዬ፣ አይም ፋይን” ትለኝና ትዘጋዋለህ። በጽሑፍ አታቋርጠኝም። አማርኛ ስታነብ ቀስ ስለምትል ፊደሉን ጎላ ጎላ አድርጌዋለሁ።

ኦስሎ ስላስጎበኘኸኝ አመሰግንሃለሁ። የሆልመንኮለንን የበረዶ ሸርተቴ መዝለያ ማማ ፎቶ ለቸርች ሰዎች ሳሳያቸው እትዬ ብፅዓት “ሰው ወዶ ነው ከዚህ ላይ የሚዘለው?” ብላ አሳቀችን። እኔም አብሬ ሳቅኩ።

ልጄን ልጠይቅ ሄጄ ቱሪስት ሆኜ መመለሴ ግን እስካሁን ከልቤ አልወጣም። ቤትህ ቀለም እየተቀባ ነው ስላልከኝ ሆቴል አረፍኩ። “ሁለት አልጋ አለው፣ እዚሁ እደር” ብልህ “ጠዋት ሥራ አለኝ” ብለህ ሄድክ። ሁለተኛው አልጋ እንደተነጠፈ አደረ። ጠዋት መጥተህ፣ እስቲ መሥሪያ ቤትህን አሳየኝ ስልህ ደግሞ “ዛሬ ዝግ ነው፤ ይልቅ ታዋቂውን የስኪ መዝለያ ላሳይሽ” አልከኝ። ሐሙስ ነበር።

ባቡሩ በጫካው መሃል ወደ ላይ ሲወጣ ያንን ትልቅ የጀርባ ቦርሳህን ጉልበትህ ላይ አቅፈኸው ነበር።

“ምንድን ነው እንዲህ የሞላው?” አልኩህ።

“የጂም ልብስ ነው።”

ውሃ ልታወጣልኝ ስትከፍተው ብርድ ልብስህን አየሁት። ሃይሚ የሰጠችህ ሰማያዊው ነው። ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። ዛፎቹን እያየሁ “አገሩ እንዴት ለምለም ነው” አልኩ።

ዳገቱን ስንወጣ “ቀስ በይ፣ እማዬ” እያልክ እጄን ያዝክ። እጅህ ሻክሯል። ከማማው ሥር ያለው ሙዚየም ጋ ስንደርስ መጸዳጃ ቤት ገብተህ ቆየህ። እኔ የድሮ ሰዎች የተንሸራተቱባቸውን ረጃጅም እንጨቶች እያየሁ ጠበቅኩህ። ስትወጣ ጺምህን ተላጭተህ፣ ጸጉርህ ረጥቦ ነበር። “ወረፋ ነበረው” አልከኝ። ሻይ ቤቱ ውስጥ የራስህን ሳንድዊች በልተህ የእኔንም ጨረስክልኝ። ጠግቤያለሁ ያልኩህ ውሸቴን ነው።

ከዚያ በሊፍት ማማው አናት ላይ ወጣን። ቁልቁል ሳይ የብረቱን አጥር ያዝኩ። አንተ ግን እንደ አስጎብኚ ረጋ ብለህ ነበር የምታስረዳኝ።

“ዘላዩ እዚህ አግዳሚ ብረት ላይ ይቀመጣል። አንዴ ከለቀቀ በኋላ ማቆም የለም።”

“ታች ማን ነው የሚቀበለው?”

“ማንም አይቀበለውም። የሚያርፍበት መሬት ራሱ ተዳፋት ስለሆነ ብዙ አይጎዳውም።”

አጠገባችን አንዲት ልጅ በሽቦ ተንጠልጥላ እስከ ታች ልትወርድ ትዘጋጅ ነበር። ሁለት ሠራተኞች እየተቀባበሉ ቀበቶዋን ቼክ አደረጉላት። እናቷ ፎቶ ታነሳለች። በእናቷ ቀናሁ።

ከተማውና ባሕሩ ከእግራችን ሥር ተዘርግተው ሳይ፣ እንደ ምንም ብዬ ጠየቅኩህ።

“ሳዶቅ፣ ቤትህ ከዚህ ይታያል?”

እጅህን ዘርግተህ “ያውልሽ፣ ከዚያ ነጭ ሕንፃ ጀርባ” አልከኝ። ትንሽ ቆይተህ ደግሞ “አይ፣ ከዚያ በስተግራ” አልክ። ጣትህ በከተማው ላይ ወዲያና ወዲህ ይል ነበር። እኔም ቶሎ ብዬ “አየሁት፣ ያምራል” አልኩህ። አንተም “ያምራል፣ አይደል?” አልክ። ያኔ እጅህን ይዤ ወደ ቤት እንሂድ ማለት ነበረብኝ። ግን እንዲያ ብልህ ጥለኸኝ ትሄዳለህ ብዬ ፈራሁ። ከናካቴው ስልክህን የምትዘጋብኝም መሰለኝ። ስለዚህ ፎቶ አንሳኝ አልኩህ።

አባትህ ሂትሮው መጥቶ ተቀበለኝ። መኪና ውስጥ ገና ቀበቶዬን ሳላስር “ቤቱ እንዴት ነው?” አለኝ።

“ንጹሕ ነው። ፀሐይ ይገባዋል” አልኩት።

“መስኮቱ ወዴት ነው የሚያየው?”

“ወደ ተራራው።”

“ጎሽ የኔ ልጅ” አለና እስከ ዌምብሊ ድረስ እያፏጨ ነዳ። አሁን ያገኘውን ሰው ሁሉ ስለ ቤትህ እያወራ ያደክማል። ለገና ሁለታችን መጥተን አንተ ጋ እንድናርፍ ይፈልጋል፤ ማታ ማታ ትኬት ያያል። እንዳይመጣ ምን ብዬ ላስቀረው? ልንገረው እንዳልል ምን ብዬ ነው የምነግረው? አንተ ራስህ ያልነገርከኝን ነገር።

ሳዶቅዬ፣ ተቆጥቼ አይደለም። የሆነው ሆኗል፤ እንዴት ሆነ ብዬም አልጠይቅህም። አባትህ ሳይክሉን የሚያስቀምጠው አንተ ክፍል ውስጥ ነበር። ትናንት አስወጣሁትና አልጋህን አነጠፍኩ። “ምን ተገኘ?” ሲለኝ “አቧራ ልጠርግ ብዬ ነው” አልኩት።

አድራሻ እየቀየርኩ ነው ስላልከኝ ይህን ደብዳቤ በጓደኛህ በቲቶ አድራሻ ልኬዋለሁ። ሲያገኝህ እንደሚሰጥህ ነግሮኛል። መቼ እንደሚያገኝህ ግን አላወቀም።

ጌታ ከብርዱ ይሸፍንህ። ደጅ የሚከፍትልህ ደግ ሰው ያዝልህ። ያለህበትን እሱ ያውቀዋል። እኔም ማወቅ እፈልጋለሁ።

እናትህ
እታለማሁ