በስዕሉ ላይ ያልነበረ ብረት

ፋኤንዛ፣ ረቡዕ፣ ጁን 12 ቀን 2019

ለልጄ ለኒቬስ፣

እንደምን ሰንብተሻል? እኛ ከእናትሽ ጉልበትና ከእኔ ንዴት በቀር ደህና ነን።

«ልኬቱን ላኩልኝ።» በአሥራ አራት ወር ውስጥ፣ ከላክሽልን የሞተር ስዕል ሌላ፣ ለዚህ ቤት የጻፍሽው ይህንኑ ነው፤ እሱንም በወንድምሽ ስልክ። ሰው ከጃፓን ድረስ ሲጽፍ «አባባ እንዴት ነው?» ማለት ያቅተዋል? እኔ እንደሆንኩ ስልክ ላይ መጻፍ አልሆነልኝም፤ አንዱን ፊደል ስነካ ሦስቱ ይወጣሉ። ስለዚህ በወረቀት ይሁን። ፖስታ እስኪደርስሽ እሁድ ያልፋልና ወንድምሽ ሎሪስ ገጽ በገጽ ፎቶ አንስቶ ይልክልሻል። እሁድ የዳገቱ ውድድር ነው። ወንድምሽ አንቺ የሳልሻትን፣ እኔ የበየድኳትን ሞተር ሳይክል ይዞ ይወጣል፤ ወይም አይወጣም። የምጽፍልሽም ለዚህ ነው።

መቼም አላየሻትምና ልንገርሽ፤ ታምራለች። ሻንሲዋ ቱቦ በቱቦ ተጋጥሞ፣ የብየዳው መስመር ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው እኩል ነው። ቤንዚን የሚይዘውን ሰልባትዮ ከአሉሚኒየም በእጄ ቀጥቅጬ አወጣሁት፤ የወንድምሽ ጉልበት እንዲገባበት ጎንና ጎኑን አጎድጉጄዋለሁ። ክብደቱ መሐል ላይ እንዲሰበሰብ ጭስ ማውጫው ማርሚታ በሆዷ ስር ያልፋል፣ አንቺ እንዳልሽው። እናትሽ ሻንሲውን የወይን ጠጅ ቀለም ቀባችው። ሰፈሩ ሁሉ እየመጣ አየ። አንዳንዱ ሁለቴ መጣ።

ከዚያ ተነዳች። ጨጓራዬ መላጥ የጀመረው ያኔ ነው።

በቀጥታ መንገድ ላይ እንከን አይወጣላትም። ፍሬን ሲያዝ እንኳ ቀጥ ብላ ነው የምትቆመው። ሎሪስ ወደ ጎን አስተኝቷት ኩርባ ውስጥ ሲገባ ግን፣ ጉልበቱ አስፋልቱን ሊነካ ሲል፣ የፊቱ ጎማ መንቀጥቀጥ ይጀምራል። መሪው እጁን እስኪያደነዝዘው ድረስ ይርገፈገፋል፤ ከዚያ ጎማው ወደ ውጭ ይሸሻል። ያልሞከርነው ነገር የለም። የፊቱን ሞላ አላላን፣ መልሰን አጠበቅን። ዘይቱን ቀየርን። የጎማውን ንፋስ ቀነስን፣ ጨመርን፣ በመጨረሻም ጎማውን ራሱን ለወጥን። ቸርኬው ጠሞ ይሆናል ብለን ግማሽ ቀን ስናሽከረክረው ዋልን፤ አልጠመመም። ሁሉ ነገር ልክ ነው፣ ሞተሯ ግን ልክ አይደለችም። ለሰው እንዲህ ያለ ንዴት አይስጠው።

ሎሪስ ደግሞ ያቺን ጥቁር ሳጥኑን ገጥሞባታል። ስንት ዲግሪ እንደተኛች፣ ጎማዎቹ በስንት እንደሮጡ፣ ሞላው ስንት ሚሊሜትር እንደወረደ ሳጥኗ ሁሉንም ትመዘግባለች። እሱም ኮምፒውተሩን እራት ጠረጴዛ ላይ ይዘረጋል፣ እናትሽ የሠራችው ካፔሌቲ ይቀዘቅዛል።

«እየው አባባ፣ እዚህ ጋ» አለኝ ባለፈው። «ሃምሳ ሁለት ዲግሪ ላይ ሞላው ሥራ ፈታ። ቀጥ ብሎ ቆሟል።»

«ጋደም ብሎ ማን ይሠራል? አንተስ ስትተኛ ትሠራለህ?»

«ቀልድህን ተወው እስቲ። ሞላው ካልሠራ የመንገዱን ጉብታ ምኑ ነው የሚውጠው?»

መልሱን አውቀዋለሁ። «ብላ፣ ቀዘቀዘብህ» አልኩት።

ጎረቤታችን ኑሎ ደግሞ አለልሽ። ሰማንያ አንድ ዓመት ሞልቶት፣ ዕድሜውን ሙሉ የሯጮች ሞተር ሲያስተካክል ኖሮ አሁን እኔን ለማብሸቅ ጡረታ ወጥቷል። በየጠዋቱ ወንበሩን ተሸክሞ መጥቶ ጋራዡ በር ላይ ይቀመጣል። ባለፈው ሳምንት ማክሰኞ ተነስቶ ሻንሲውን በመፍቻ ኳ፣ ኳ አደረገና ጆሮውን ጣል አድርጎ ሰማ።

«ኦርያኖ፣ ይሄን የሠራኸው ለሞተር ነው ለባቡር ድልድይ?»

«አንተ ሰውዬ፣ ዝም ብለህ ጥላህ ስር ተቀመጥ!»

«እኔማ እቀመጣለሁ። ልጅህ ነው መቀመጥ ያቃተው።»

ብቻውን ሳቀ። ሎሪስ አልሳቀም፣ እኔም አልሳቅኩም።

አሁን የምነግርሽን ስትሰሚ አትደንግጪ፤ የተሰበረ የለም። የዛሬ ሁለት ሳምንት ሐሙስ ወንድምሽ ወደቀ። ሁለተኛው ኩርባ ላይ፣ የድንጋይ አጥሩ ያለበት፣ ታውቂዋለሽ። እኔ እዚያው ቆሜ ነበር። ስታንገጫግጨው አየሁ፣ ከዚያ የፊቱ ጎማ ከዳው። ሞተሯ ብልጭታ እየረጨች ተንሸራትታ ከአጥሩ አንድ ክንድ ሲቀራት ቆመች፤ እሱም ተከትሏት በጀርባው እየተንሸራተተ መጣ። ግራ ክርኑ ተላጠ፣ ዳሌው እንደ በለስ ጠቆረ፣ የጓንቱ መዳፍ ተበልቶ አለቀ። ሮጬ ስደርስ ተነስቶ ተቀምጧል። ያለኝን ስሚ።

«ይቅርታ አባባ፣ ሰልባትዮውን አጨራመትኩብህ።»

እሱ እኔን ይቅርታ ጠየቀኝ፣ ኒቬስ። እኔም ዝም ብዬ ተቀበልኩት።

ከዚያ ቀን በኋላ መጀመሪያ ራሱን ረገመ። «እጄ ፈርቷል፣ ድሮ እንዲህ አልነበርኩም፣ እሁድ ካልሆነልኝ የሩጫ ልብሴን እሸጠዋለሁ» ማለት አመጣ። ቀጥሎ ንዴቱን ወዳንቺ አዞረው። «ቢሮ ውስጥ ተቀምጦ መሳል ቀላል ነው፣ የምትወድቂው አንቺ አይደለሽ» ብሎ የጻፈልሽን ከላከው በኋላ አሳየኝ። ልክ አይደለህም ማለት ነበረብኝ፤ አላልኩም። አንቺም በስድብ አልመለስሽለትም፤ ልኬቱን ብቻ ጠየቅሽ። ይኸው ስምንት ቀን ሙሉ እየተመላለሰ «አባባ፣ ልኬቱን» ሲለኝ፣ መለኪያው ካሊፐር ጠፋብኝ፣ ነገ ይደርሳል፣ ዛሬ ሰው ቀጥሬያለሁ እያልኩ አጉላላሁት። ካሊፐሩ ኪሴ ውስጥ ነው የነበረው።

እናትሽ ግን ታውቃለች። ቀለም የሚቀባ ሰው ሻንሲን እያንዳንዷን መጋጠሚያ በጣቱ ሳይዳስስ አይቀባም፤ ስዕልሽ ደግሞ ፊት ለፊቷ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። ያኔ ምንም አላለችም። ከወደቀ በኋላም ትናገራለህ ብላ ጠበቀችኝ። ስታየኝ ስታየኝ ቆይታ ሦስት ቀን ዘጋችኝ። ሳህኑን ታስቀምጥና ትሄዳለች። ዛሬ ጠዋት ነው አፏን የከፈተችው።

«ወይ አንተ ትጽፍላታለህ፣ ወይ እኔ እደውልላታለሁ። እኔ ከደወልኩ ደግሞ የራሴንም እጨምርበታለሁ።»

የራሷ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ። የሠላሳ አራት ዓመት ትዳር ጥርቅም ነው፤ በስልክ አያልቅም።

በይ እንግዲህ፣ ልኬቱ ይኸውልሽ። አንቺ ያልሽው የቱቦ ውፍረት አንድ ተኩል ሚሊሜትር ነው፤ እኔ ሁለት አደረግኩት። ከመሪው አንገት በታች ባዶ ይተው ባልሽው ቦታ፣ በግራም በቀኝም፣ ሦስት ማዕዘን አድርጌ የቆረጥኩት ባለ ሦስት ሚሊሜትር ብረት በይጄበታለሁ። የኋላውን ጎማ የሚይዘው ክንድ ከሻንሲው ጋር በሚታሰርበት ሌላ ሁለት አለ። ስዕሉ ላይ አንዳቸውም የሉም። ሎሪስ ሲመዝናት አራት ኪሎ በልጣ ስትገኝ «ቀለሙ ነው፣ ብሎኑ ነው» አልኩት። አራት ኪሎ ቀለም! እንዴት እንዳመነኝ እስካሁን ይገርመኛል።

አልነገርሽኝም ማለት አልችልም። እዚሁ ጠረጴዛ ላይ፣ የፕላስቲክ ማስመሪያ ይዘሽ እያጠፍሽ ነግረሽኛል። «አባባ፣ ሞተር ቆማ ስትሄድ ጉብታውን ሞላው ይውጠዋል። ስትተኛ ግን ጉብታው ከጎን ነው የሚመታት፤ ሞላ ደግሞ ወደ ጎን አይሠራም። ያኔ ሻንሲው ራሱ ትንሽ፣ ከፀጉር ብዙም ያልበለጠች፣ ወደ ጎን እሺ ማለት አለበት። እሺ ካላለ ጎማው መንገዱን ይለቃል።» እኔስ ምን አልኩሽ? «በዚህ ቤት የሚልመጠመጥ ሻንሲ አይበየድም።» ኑሎ ፊት፣ ደንበኛ ፊት። ማስመሪያውን አስቀምጠሽ ወጣሽ፤ በሳምንቱ ሥራ ላቀረቡልሽ ጃፓኖች እሺ ብለሽ ፈረምሽ። ያም ሆኖ ወንድምሽ ሲለምንሽ በእረፍትሽ ቀን ቁጭ ብለሽ ይህን ስዕል ሠራሽልን። እኔ ብሆን አላደርገውም ነበር።

ግን የእኔንም ነገር እይልኝ። አርባ ዓመት በየድኩ። በዚያ በር የገባ ሻንሲ ሁሉ የተሰነጠቀ፣ የተቆረጠ፣ የተጣመመ ነው። አንድም ሰው «ኦርያኖ፣ ይሄ በጣም ጠንክሮ አስቸገረኝ» ብሎ መጥቶ አያውቅም። ስለዚህ ስስ ነገር ሳይ እጄ ብረት ፍለጋ ይሄዳል። ደግሞም የሚቀመጥባት ሎሪስ ነው። የሌላ ሰው ልጅ ቢሆን ስዕልሽን እንዳለ እሠራው ነበር፤ ይህን ስጽፍ ነው የገባኝ፣ ሲገባኝም ደስ አላለኝም።

አሁን ጭንቄ ይህ ነው። እስከ እሁድ ሌላ ሻንሲ አይደርስም። ብረቶቹን ቆርጬ ላወጣቸው እችላለሁ፤ ግን አራቱንም ላውጣ ወይስ ሁለቱን? ቱቦው ከስዕልሽ ስለወፈረ ሁሉም ቢወጡ እንኳ አልታጠፍ ይል ይሆን? በብየዳ ሙቀት ነክቼው የነበረው ቦታ ሲቆረጥ ቢሰነጠቅስ? አርባ ዓመት ሠርቼ ይህን አላውቅም። አንቺ ታውቂያለሽ።

እዚህ ድረስ ጽፌ ገጾቹን ለሎሪስ ሰጠሁት፣ ፎቶ እንዲያነሳቸው። ምን እንደተጻፈ አልነገርኩትም። ያነሳል ብዬ ስጠብቅ ቆሞ ማንበብ ጀመረ። ሁለተኛውን ገጽ አዞረ። ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠውና ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። እኔ ይህን አጎንብሼ የምጽፈው ፊቱን ለማየት ስለፈራሁ ነው።

አሁን ተናገረ። ያለውን እንዳለ እጽፍልሻለሁ።

«ራሴን ስረግም ትሰማ ነበር?»

«እሰማ ነበር።»

«እሷን ስሰድባትስ?»

«አሳይተኸኛል እኮ።»

«ለምንድነው የጨመርከው?»

«እንዳትወድቅ ብዬ።»

ክርኑን አየ። እኔም አየሁት። ቅርፊቱ ገና አልረገፈም። ይጮህብኛል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። ጠመኔ አምጥቶ እጄ ላይ አኖረና «ና አሳየኝ፣ የትኞቹ ናቸው?» አለኝ። አራቱንም አንድ በአንድ ምልክት አደረግኩባቸው። እናትሽ በሩ ላይ ቆማ ታይ ነበር፣ ኑሎም ከነወንበሩ።

«ኒቬስ መልስ እስክትልክ ማንም አይነካትም» አለ ሎሪስ። «አትንዳ ካለችኝ አልነዳም። ንዳ ካለችኝ እነዳለሁ። ከዛሬ ጀምሮ ስለዚህች ሞተር የምሰማው እሷን ነው፤ አንተን አይደለም አባባ።»

አመመኝ። ልጄ በገዛ ጋራዤ ውስጥ እንዲህ ሲለኝ የመጀመሪያው ነው። ግን አልተቆጣሁም፤ እውነቱን ነው።

ስለዚህ መልስሽን እንጠብቃለን። እዚያ ስንት ሰዓት እንደሆነ አላውቅም፤ ተኝተሽ ከሆነ ጠግበሽ ተኚ፣ ሥራ ላይ ከሆንሽ ሥራሽን ጨርሺ። የትኛው እንደሚቆረጥ፣ ስንት ሚሊሜትር እንደሚቀር ንገሪኝ፤ እንዳልሽው እቆርጣለሁ፣ ከዚያ አንዲት ፀጉር አልጨምርም፣ አልቀንስም። «ሁሉም ከንቱ ነው፣ ይቅር» ካልሽም እሁድ እናትሽ ጠረጴዛ ታሰናዳለች፣ ወንድምሽም ከእኛ ጋር ቁጭ ብሎ ይበላል። እኔ ለዚህም ደስተኛ ነኝ።

እናትሽ እመቤታችን ትጠብቅሽ ብላለች። እኔ እንደምታውቂው ከቄሶች ጋር አልስማማም፤ ዛሬ ግን አሜን ብያለሁ። ሰውነትሽን ጠብቂ፣ በደንብ ብዪ፣ በረደኝ ሳትዪ ልበሺ። እጅሽ አይዛል።

ስዕልሽን ያላመነው በያጅ፣
አባትሽ ኦርያኖ