ምች ነው ያልኩበት ቀን

ልጄ ጀማል፣

ከተለየኸኝ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆነ። እኔ ደህና ነኝ። የምነግርህ አንድ ነገር አለኝ፤ መጀመሪያ ግን የቤቱን ልንገርህ።

የጓሮው ክፍል ቆርቆሮ ተቀይሯል። ልጅህ ኢማን ትምህርት ቤት ገብታለች፤ ሶማልኛዋ ከአማርኛዋ በልጧል፤ እኔን ስታርመኝ ቁርጥ አንተን ነው የምትመስለው። ባለቤትህ ፎዚያ ሱቁን ይዛለች። አይሱዙህን የአጎትህ ልጅ ወደ ሀርሺን እየነዳ ይመላለሳል። እንዳንተ ጡሩንባ አይነፋም፤ መምጣቱን የማውቀው በሩ ሲንኳኳ ነው።

አሁን ወደ ነገሩ ልምጣ። ያን ሰኞ ከሀርሺን የተመለስከው አሥር ሰዓት ላይ ነበር። ከመኪናው ስትወርድ አፍህ ወደ ግራ ተጣሟል። ቀኝ እጄ ደነዘዘብኝ አልከኝ። ፀሐይ ላይ ስለዋልክ ምች ነው አልኩ። ጎረቤታችን ሐሊሞ አይታህ እየሮጠች መጣችና “ፋሊግ! ፋሊግ!” አለች። ሶማሌዎች ምችን እንደዚያ የሚሉት መስሎኝ “አዎ፣ አዎ፣ ፋሊግ” አልኳት። እሷም “ገብቷታል፣ ሐኪም ቤት ልትወስደው ነው” ብላ አስባ ወደ ቤቷ ተመለሰች። እኔ ዳማከሴ ጨምቄ አሸሁህ፤ ተሸፍነህ ተኛ አልኩህ። “እማ፣ እንዲህ ሸትቼ ፎዚያ ታባርረኛለች” ብለህ ሳቅክ። ሳቅህም በአንድ በኩል ብቻ ነበር።

ጠዋት መናገር አቃተህ። በባጃጅ ወሰድንህ። የተቀበለችን ነርስ መቼ እንደጀመረህ ስትጠይቅ ዘመዱ ሁሉ ደርሶ ዙሪያዬን ቆሞ ነበር። “አሁን፣ ዛሬ ጠዋት” አልኩ። እውነቱን የምታውቀው ፎዚያ ቀና ብላ አየችኝ። በሦስተኛው ቀን አረፍክ።

ባለፈው ወር ከሆስፒታሉ ተደውሎልኝ ሄድኩ። የጠራችኝ ያችው ነርስ ናት፤ ሲስተር ሂቦ ትባላለች። የልብና የስትሮክ ሕመምተኞችን መዝገብ ከድሮ ካርዶች እያወጣች ኮምፒውተር ላይ ታስገባለች። ሕመሙ መቼ ጀመረ፣ መቼ ደረሱ፣ ሐኪም መቼ አያቸው፣ መጨረሻቸው ምን ሆነ። የብዙ ሰው ሲሰበሰብ ሰዓቱ የባከነው ቤት ይሁን፣ መንገድ ላይ ይሁን፣ እነሱው ጋ ወረፋ ላይ ይሁን ይታወቃል፤ የሚስተካከለውም ያኔ ነው አለችኝ። ከዚያ ያንተን ካርድ አወጣች።

“ልጅዎ ቶሎ ከመጡት ነው፣ እማማ። ቶሎ መጥቶ ያልዳነ ሲገኝ ጥፋቱን የምንፈልገው እኛ ጋ ነው። ያን ቀን ምን አጎደልኩ እያልኩ ስንት ጊዜ አስቤያለሁ” አለች።

ካርዱ ላይ ያለው የኔ ውሸት ነበር። ልጅቷ ሁለት ዓመት ተሸክማዋለች። ነገርኳት፤ ሰኞ አሥር ሰዓት እንደጀመረህ፣ ዳማከሴውን፣ ሐሊሞ ያለችውን ሁሉ። ፋሊግ ስል እጇን ከኮምፒውተሩ ላይ አነሳች።

“ፋሊግ ማለት እኮ ራሱ ስትሮክ ነው፣ እማማ።”

እስከዚያ ቀን አላወቅሁም ነበር። ሐሊሞ በሽታህን በስሙ ጠርታልኝ ነበር ማለት ነው።

በዚያው ሰዓት ባመጣው ይድን ነበር ወይ ብዬ ጠየቅኋት። “አልምልም። ዕድሉ ግን ይሰፋ ነበር” አለች። ስላልዋሸችኝ አመሰገንኳት። ከዚያ “ዛሬ ጠዋት” የሚለውን አጥፍታ ሰኞ አሥር ሰዓት ብላ ጻፈች። ሥሩም ላይ “ቤት ውስጥ ምን ተባለ?” የሚል ጥያቄ ጨምራ፣ ምች ብላ ሞላችው። አሁን የመጣውን ሁሉ ይህንኑ ትጠይቃለች፤ በሶማልኛም በአማርኛም።

ቤት ገብቼ ለፎዚያ መዝገቡ እንደተስተካከለ ነገርኳት። አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች። ሐሊሞ ግን ፋሊግ ያለችኝን ምች መስሎኝ እንደነበር ስነግራት “አንቺ ሴትዮ፣ ታዲያ አዎ አዎ ያልሽኝ ምኑን ነበር?” ብላ ጮኸችብኝ፤ ከዚያ አለቀሰች።

ይቅር በለኝ ብዬ አልጽፍልህም፤ መልስ ልትሰጠኝ አትችልምና አንተን ማስጨነቅ ይመስለኛል። እስካሁን ሰው ሲጠይቀኝ በድንገት ነው የሞተው እል ነበር። ከእንግዲህ እንደዚያ አልልም። ሳስታውስህ ከሰኞ አሥር ሰዓት ጀምሬ ነው፤ እስከ ጠዋት ያለውን አንዱንም ሰዓት አልዘልም።

አላህ ይዘንልህ።

እናትህ ዘሃራ