የላክሽው ጫማ

ለልጄ ለሊሻን፣ ባሕር ዳር

ጤናሽ እንዴት ነው ልጄ? እኔና ውሻዬ ማናለብኝ፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ እዚህ አርባ ምንጭ እንደ ልባችን እየኖርን ነው።

የላክሽው ጫማ ደርሶኛል። ነጭነቱ ነርስ ያስመስለኛል፤ ጡረታ ስወጣ ፋሽንም የተውኩ መሰለሽ? ምቾቱን ግን አልክድም። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ወጥቼ፣ ሙዝ ልገዛ እስከ ኩልፎ ወንዝ በእግሬ ደርሼ ተመለስኩ። ቤት ስገባ ማናለብኝ ግራ እግሬን እያሸተተ አላስቀምጥ አለኝ። ጫማውን ባወልቀው ሚስማር ሶሉን በስቶ ገብቷል፤ ካልሲዬ በደም ርሷል። ምንም አልተሰማኝም እኮ! ምቹ ጫማ ማለት ይኼ ነው።

«መጥተሽ ከእኔ ጋር ኑሪ፣ እዚህ ሐኪም ይይሽ» ላልሽው፣ አልመጣም። መጻሕፍቴንና ውሻዬን ትቼ የትም አልሄድም። ሻዬንም የምጠጣው በሦስት ማንኪያ ስኳር ነው፤ ለዚያ ሐኪምሽ ንገሪው! ከፋሲካ በኋላ ተማሪዬ የነበረው ታምሩ፣ ካምባ ከተማ ላይ ልጁን ይድራል። እሄዳለሁ፤ እጨፍራለሁም፤ ያውም ታኮ ጫማዬን አድርጌ።

ለሰፈርሽ ሰው ሁሉ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። ማናለብኝም ሰላም ብሎሻል፤ ይህን ስጽፍልሽ ግራ እግሬ ላይ ተጋድሟል። ጎንበስ ብዬ ሳይ ነው ያወቅሁት።

እናትሽ አሰፋሽ