ሂሊየም አይፈነዳም ብዬ

ሙክታሬ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። ከተለያየን አንድ ዓመት ከአራት ወር ሆነ። እንዴት ነህ ብዬ አልጠይቅህም፤ በሕይወት ሳለህም ስጠይቅህ መልስህ ያው «አታስቢ» ነበር። ይኸው ሳስብ አለሁ።

ቤቱ ደህና ነው። ጎባ እንደምታውቃት ብርድ ናት፤ የተሰነጠቀውን የሳሎን መስኮት መስታወት አስቀይሬዋለሁ። ጎሚስታ ቤቱን ወንድምህ ከድር ይዞታል። ያ የብረት ፍርግርግ ትዝ ይልሃል? ጎማ ስትነፋ ቢፈነዳ እንኳ ሰው እንዳይጎዳ ብዬ በያጁን ለምኜ ያሠራሁልህ? አንተ ጓሮ ጥለኸው ዶሮ የሰፈረበት? ከድር አሁን የከባድ መኪና ጎማ እዚያ ውስጥ ሳያስገባ አይነፋም። ለደንበኞቹም በኩራት ያሳያቸዋል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ጥንቃቄውን ሳይ ደስ ሊለኝ ሲገባ አንጀቴ እርር ይላል።

ለቅሶ የመጣው ሰው ሁሉ አንድ ነገር ነበር የሚለኝ። እናትህ «ፌዲ ረቢቲ» አሉ፣ የረቢ ፈቃድ ነው ብለው አቀፉኝ። ከድር «አጀሉ ነው» አለ። እኔም አልሐምዱሊላህ አልኩ፣ ሌላ ምን እላለሁ? ለልጃችን ለነኢማም ያንኑ ነገርናት፤ የአባትሽ ቀኑ ደርሶ ነው አልናት። ገና ሰባት ዓመት አልሞላትም ነበርና ሌላ አልጠየቀችም። ከዚያ ወዲህ ፊኛ የሚባል ነገር ቤቴ ገብቶ አያውቅም። ድምፁን አልችለውም፤ በር በነፋስ ሲላተም እንኳ እዘላለሁ።

ዘንድሮ ስምንት ልትሞላ ስትል ልደቴ ያለ ፊኛ አይሆንም ብላ ያዘችኝ። ለአምስተኛ ልደቷ በሱቁ ኮምፕሬሰር ሃያ ፊኛ ነፍተህ፣ ከጣሪያው በስስ ክር አንጠልጥለህ «ይበራሉ» ብለሃት ነበር። አምናህ የጎረቤቱን ልጅ ሁሉ እየጠራች ስታሳይ፣ እኔና አንተ ከበሩ ጀርባ ሆነን በሳቅ ፈረስን። አሁን ክሩን ታውቃለች። በእውነት የሚበረውን ነው የጠየቀችኝ።

ሮቤ ውስጥ የሰርግ ዲኮር የምትሠራ አንዲት ሴት ሂሊየም አላት ሲሉ ሰምቼ ሄድኩ። ከአየር የቀለለ ጋዝ ነው አለችኝ። ከቀለለማ ፊኛውን አያስጨንቀውም፣ አይፈነዳም ብዬ ለራሴ ደመደምኩ። አሥር ዓመት የጎሚስታ ሚስት ሆኜ ኖሬ እንዲህ ማሰቤን ብትሰማ ትስቅብኝ ነበር። ሳቅ። የፈለግኩትን ነው ያሰብኩት።

ቅዳሜ ከሰዓት ሲሊንደሩን በባጃጅ ጭና ቤት ድረስ መጣች። ያን ረጅም ብረት ሳሎኑ መሀል ስታቆመው አውጪው ልላት ነበር፣ ግን ልጆቹ ከበውታል። የመጀመሪያው ፊኛ ተነፍቶ ሲለቀቅ ቀጥ ብሎ ጣሪያ ነካ። ነኢማ በደስታ ጮኸች፤ እኔም ሳላስበው አጨበጨብኩ። ሦስተኛው ላይ ልጆቹ ጨምሪ፣ ጨምሪ አሉ። ሴትዮዋ ጨመረች። ፈነዳ።

ራሴን ያገኘሁት ወለሉ ላይ ነው፣ ነኢማን ከሥሬ አድርጌ። ልጆቹ ጨዋታ መስሏቸው ይስቃሉ። ነኢማ ግን አልሳቀችም። ፊቴን ትክ ብላ አየችና አባዬም የሞተው እንዲህ ነው ወይ አለችኝ። አጀሉ ነው ልላት አፌን ከፈትኩ፤ እምቢ አለኝ። አዎ አልኳት። ከሲናና ስንዴ የጫነ መኪና ነበር፣ ሹፌሩ ይቸኩል ነበር፣ አባትሽም ጎማውን ፍርግርጉ ውስጥ ሳያስገባ ነፋው አልኳት። ማንም ተው አላለውም ወይ አለች። እኔ ብዬዋለሁ፣ ያን ዕለት ጠዋት ጭምር አልኳት። «ታዲያ ለምን እምቢ አለ?»

ሙክታሬ፣ ይህን የምጽፍልህ ለዚህ ጥያቄ መልስ አጥቼ ነው። ከአላህ ጋር እንዳልጣላ ፈርቼ፣ በአንተ መናደዴን ይህን ሁሉ ጊዜ ደብቄ ኖርኩ። አጀል ሐቅ ነው። ፍርግርጉም ግን አሥር እርምጃ ርቀት ላይ ነበር። ትወደን እንደነበር አውቃለሁ፤ ለእኛ ብለህ አሥር እርምጃ መሄድ ግን ደከመህ።

ከዚያ ልጅህ ከሥሬ ወጥታ ሲሊንደሩ አጠገብ ቆመች። የቀሩትን ፊኛዎች በዓይኗ እየለካች ለእያንዳንዱ «በቃ፣ ይበቃል» ትላለች። ሴትዮዋም በቃ በተባለች ቁጥር እጇን አነሳች። ሌላ አንድም አልፈነዳም። ጥጉ ጋ ቆሜ አለቀስኩ፤ ከሐዘኑ ይልቅ ንዴቱ ነው ያስለቀሰኝ።

ሰው ሁሉ ደግ ነበር፣ ተጫዋች ነበር እያለ ያነሳሃል፤ እውነታቸውን ነው። እኔ ግን ለነኢማ ሙሉውን ሰው ነው የማስታውስላት፣ ክሩን ከጣሪያው ያሰረውንም፣ ተው ሲሉት ያልሰማውንም። ዱዓዬ ከአንድም ሰላት አይቀርብህም። አላህ ይማርህ። እኔ ገና ይቅር አላልኩህም። ይቅር እስክልህ አልረሳህም፤ ይቅር ብልህም አልረሳህም።

ሚስትህ ዘይነባ